ስለ ኤሌክትሪክ የተጠራው አውጫጭኝ

ሰው ዛፍ ሥር ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ባየሁ ቁጥር እስካሁን ዙሪያውን ዘብ ቆሞ እንደሆነ አያለሁ። ለሽምግልና ይሁን ለማኅበር፣ ለእኔ ልዩነት የለውም። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ «አባባ ጉባኤ ይፈራል» ይላሉ። ይሳቁ። ያን ቀን አዋሽ ዳር ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ጥርሳቸውን ባልገለጡ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አዳማ ያኔ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተጠጋጉ ቤቶች፣ ጥቂት ሱቆችና ብዙ አቧራ ነበረች። እኔ ደግሞ ጢሜ ገና ያልጠነከረ፣ በሦስት ቋንቋ የምናገርና ይህንኑ ለአላፊ አግዳሚው ማሳወቅ የማልረሳ ጎረምሳ ነበርኩ። አማርኛው የእናቴ ነው፤ ኦሮምኛውን ገበያ ውስጥ ስሯሯጥ ለመድኩት፤ ፈረንሳይኛውን ድሬዳዋ ከሚሲዮኖች ዘንድ ተማርኩት። ስሜ ተሰማ ነው። «ተሰማ ሦስት ምላስ» ይሉኝ ነበር። ቅጽሉ ለስድብ የወጣ ቢሆንም እኔ እንደ ሹመት ነበር የምቀበለው።

ፈረንሳይኛውን ግን ለጌጥ አልተማርኩትም። አባቴን ልፈልግበት ነው። አባቴ ወልደ ሰንበት ከአርሲ ቅቤና ቆዳ በበቅሎ እያመጣ አዳማ ላይ ለባቡር የሚያስረክብ ነጋዴ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት እንደ ልማዱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል አንድ የሠፈራችን ሰው ከጅቡቲ መጣና «ወልዴን አየሁት፤ ሴት አግብቶ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል» አለ። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለት ቢላዋ ነው የታረደችው። ባሏ ሞተ እንዳትል ሬሳ አላየች፤ ጥቁር አልለበሰች፤ ተዝካር አላወጣች። አለ እንዳትል ደጇን የሚረግጥ ባል የለም። ሽማግሌ ልኮ ሊያገባት የሚጠይቅ ሲመጣ «ባል አለኝ» ብላ ትመልሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደግሞ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ይጠቃቀሳሉ። እኔ የጅቡቲውን ወሬ አምኜ ነበር። ከልቤ አምኜ ነበር። በባቡሩ መስመር ሥራ የፈለግሁትም አንድ ቀን ጅቡቲ ደርሼ፣ ሱቁ ደጃፍ ቆሜ፣ ፊቱ ላይ ለመትፋት ነው። ይህን ያህል ነበር ንዴቴ።

ሙሴ ጉስታቭን ያገኘሁት እንዲህ ስሯሯጥ ነው። ፈረንጅ መሐንዲስ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው ሰው። የሰውዬው በሽታ አንድ ብቻ ነው፦ እንጨት ሲነድ ማየት አይችልም። ያኔ ባቡሩ እንጨት ይበላ ነበር፤ የመስመሩ ዳርና ዳር ግራር ሁሉ እየተቆረጠ በየጣቢያው ይከመራል። ሙሴ ጉስታቭ ክምሩን ባየ ቁጥር ዘመዱ የተገደለ ያህል ራሱን ይይዛል። «ይህ አገር ወንዙን ትቶ ደኑን ይበላል!» ይለኛል። ሐሳቡ አዋሽ ከአዳማ በታች ከገደል የሚወድቅበት ቦታ ላይ መኪና ተክሎ ከውሃው ኤሌክትሪክ ማውጣት ነው። ለዚህም ከመኳንንቱ ፈቃድ አግኝቶ፣ ወንዙን እየመረመረ፣ በየከተማው ሕዝብ ሰብስቦ ዲስኩር ያደርግ ነበር። ሕዝቡ ነገሩን ካልወደደው መንግሥትም አይገፋበትም ብሎ ያምናል። እኔ አስተርጓሚው ሆንኩ።

ዲስኩሩ አዳማ ጣቢያ ላይ ሲደረግ ደስ ይል ነበር። ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ጠጅ ሻጯ ሁሉ መጣ። ሙሴ ከሣጥኑ ትንሽ ዲናሞ ያወጣል፤ እጀታውን ሲያዞሩት በሽቦ የተያያዘው አምፑል ይበራል። ሰው «ወይ ጉድ!» ይላል። አንድ የወሎ ነጋዴ ተነሥቶ «ውሃውን እሳት ካደረጋችሁት እኛ ምን ልንጠጣ ነው?» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጠጅ ሻጯ እማማ ደብሪቱ ግን ብልህ ናት፤ «መብራቱ የመጣ ዕለት ላምባ ሻጮቹ ምን ሠርተው ሊበሉ ነው? ይህን ያሰበ አለ?» ብላ ጠየቀች። ሙሴ ጥያቄዋን ስተረጉምለት ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣት።

ከዚያ ቀጥሎ የወንዙ ዳር ሕዝብ መስማት አለበት ተባለ፤ መኪናው የሚተከለው እነሱ ደጅ ነውና። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሙሴ ጥያቄውን ለአገሩ ገዥ ለፊታውራሪው አቀረበ። ፊታውራሪው ቅን ሰው ናቸው፤ ፈረንጁ ባዶ ሜዳ ላይ ሲለፈልፍ እንዳይውልና አገራችን እንዳታፍር ፈለጉ። ስለዚህ ለመንደሩ ጭቃ ሹም ትእዛዝ ሰጡ። ጭቃ ሹሙ ደግሞ ሕዝብ የሚጠራበትን አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥሩምባ አስነፋ፤ «ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ ሳይቀር አርብ ጠዋት ወንዙ ዳር ካለው ትልቁ ሾላ ሥር ውጣ፤ የቀረ ወዮለት!» አሰኘ። ለምን እንደሚወጡ አልተናገረም። ለምን ብሎ ይናገር? እሱም አያውቅም።

ለዛሬ ልጆች ላስረዳ። በዚያ ዘመን ሕዝብ እንዲህ የሚጠራው ለአንድ ነገር ነው፤ ለአውጫጭኝ። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅና ያደረገው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ዙሪያውን ዘብ ይቆማል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ከብት ሳይታለብ፣ እርሻ ሳይታረስ፣ ልጅ እያለቀሰ ይቀመጣል። ደግሞም ሬሳ የተገኘበት አገር ገዳዩን ካላወጣ ዕዳው የአገሩ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ፊታውራሪውም ያውቃሉ። ለኤሌክትሪክ ዲስኩር በዚያው መንገድ ሰው እንደተጠራ ግን ለሁለታችንም አልታየንም።

አርብ ጠዋት ደረስን። ፊታውራሪው ከአሽከሮቻቸው ጋር በበቅሎ፣ እኔና ሙሴ ሣጥኑን አስጭነን። ሕዝቡ ቀድሞን ተቀምጧል። «አካም ቡልተኒ!» አልኩ በደስታ፣ እንዴት አደራችሁ ማለቴ ነው፤ የዚያ አገር ሰው ሰላምታ ከጀመረ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናሙን ሳይጠይቅ አይለቅም። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ወንዶቹ በየጎሣቸው ሆነው መሬት መሬት ያያሉ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ጨብጠዋል። ሴቶቹ ከኋላ ተኮራምተዋል፤ አንዷ ሕፃኗን እያጠባች ዓይኗን ከሙሴ ሣጥን ላይ አትነቅልም። የፊታውራሪው አሽከሮች ደግሞ ማንም ዲስኩሩ ሳያልቅ እንዳይሄድ ታዘው ጠመንጃቸውን ይዘው ዙሪያውን ቆሙ።

«ጨዋ ሕዝብ ነው» አለኝ ሙሴ በፈረንሳይኛ፤ «አዳማ ላይ እንዲህ ጸጥ አላሉልኝም።»

እኔም ኮራሁ።

ሙሴ ዲስኩሩን ጀመረ። ስለ ግራሩ ተናገረ፤ ስለ ውሃው ጉልበት ተናገረ፤ ሰሞኑን ወንዙ ዳር ጉድጓድ ሲያስቆፍር የሰነበተው ከሥር ያለው ዐለት ግድግዳ ይሸከም እንደሆነ ለማየት መሆኑን ተናገረ። እኔም በሚያምር ኦሮምኛ ተረጎምኩ። «ጉድጓድ» ስል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። ፀሐይ በርትቶበት ነው አልኩ።

ከዚያ ዲናሞው ወጣ። ሙሴ ሁልጊዜ እጀታውን ከሕዝቡ አንዱ እንዲያዞረው ያደርጋል፤ ሰው በራሱ ክንድ ብርሃን ሲያወጣ ነው የሚያምነው ይላል። ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ትልቅ ሽማግሌ በጣቱ አመለከተ።

«አባ፣ ይምጡ» አልኳቸው።

አባ ገመዳ ይባላሉ። ኋላ ነው ስማቸውን የሰማሁት። የወንዙ ዳር ሕዝብ ነገር የሚሰማው ከሳቸው አፍ ነው፤ ዳኛም፣ አስታራቂም፣ መራቂም እሳቸው ናቸው። ሲጠሩ ከሕዝቡ መካከል እንደ ሲቃ ያለ ድምፅ ወጣ። ሽማግሌው ተነሡ። ባለቤታቸው ይመስሉኛል አንዲት አሮጊት ኩታቸውን ያዝ አደረጉ፤ እሳቸው ቀስ ብለው አስለቀቋቸው። መጡና እጀታውን ጨበጡ። አንድ ጊዜ አዞሩት። ሁለተኛ አዞሩት። አምፑሉ በራ።

እጀታውን እንደ ፍም ለቀቁት። ተንበረከኩ። ምሕረት የሚለመንበትን እርጥብ ሣር መሬት ላይ አኖሩና በኦሮምኛ እንዲህ አሉ፦

«ይብቃ። አገኘኝ። ሌላውን ሰው አትንኩት፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

አፌ ልማድ ሆኖበት ለሙሴ በፈረንሳይኛ፣ ለፊታውራሪውም በአማርኛ ተረጎመ፤ «የደበቅሁት እኔ ነኝ ይላሉ» አልኩ። ሙሴ ነገሩ ስላልገባው ሽማግሌው በደስታ ወደቁ ብሎ ያጨበጭባል።

ፊታውራሪው ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የአገር ገዥ ናቸው፤ የእምነት ቃል ሲሰሙ ያውቃሉ። «ምኑን ነው የደበቀ? ጠይቀው!» አሉኝ።

ጠየቅሁ። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ፤ እኔም አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

«ፈረንጁ የሚቆፍርበት ቦታ የለም ይላሉ። ከፍ ብሎ፣ ጠጠሩ ዘንድ ነው ይላሉ።»

«ማን?»

«ሰውዬው ይላሉ። የበቅሎው ሰውዬ። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሳለ ውሃ ወሰደው፤ እታች እንጨት ይዞት አገኘነው ይላሉ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ክርስቲያን ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ ይላሉ። ነጋዴ ነው። ጭነት ነበረው። ግራ እጁ ላይ...»

ሽማግሌው የራሳቸውን ግራ እጅ አንሥተው ትንሿን ጣታቸውን አጥፈው አሳዩኝ። አባቴ ትንሽ ጣት የለውም። የጭነት ጠፍር ነው የቆረጠው። ልጅ ሆኜ በዚያች በጎደለች ጣት ቦታ የኔን ጣት እያስገባሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ፏፏቴው እንኳ አልተሰማኝም።

«ምን አለ? ተርጉም እንጂ!» አሉ ፊታውራሪው።

«ምን አሉ? ደስ አላቸው?» አለ ሙሴ።

ሽማግሌውም ቀና ብለው ያዩኛል። ሦስቱም የኔን አፍ ይጠብቃሉ። ሦስት ምላስ የተባልኩት ሰውዬ አንድም አልነበረኝም። በመጨረሻ የወጣልኝ ይህ ነው፦

«አባቴን ቀበርነው ይላሉ።»

«የማንን አባት?» አሉ ፊታውራሪው ግር ብሏቸው።

«የኔን።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ይቸግረኛል። ሽማግሌውን በኩታቸው ጨምድጄ እንዳነሣኋቸው ትዝ ይለኛል። ቀላል ነበሩ። «ለምን አልተናገራችሁም? እናቴ እኮ አለች! አዳማ እኮ እዚህ ነው፣ ግማሽ ቀን መንገድ ነው!» እያልኩ በየትኛው ቋንቋ እንደጮኽኩ አላውቅም። ሙሴ መጥቶ ሊያላቅቀኝ ሞከረ። ወንዶቹ ተነሡ፤ አሽከሮቹ ጠመንጃ አቀባበሉ። አንድ ሰው ክፉ ቢናገር ኖሮ እዚያ ሾላ ሥር ደም ይፈስ ነበር።

የተናገሩት አባ ገመዳ ናቸው፤ ኩታቸው በጄ ውስጥ እንዳለ።

«ልጄ፣ ተናግረን ማን ያምነን ነበር? ክርስቲያን ነጋዴ እኛ አገር ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ሀብቱን ፈልገው ገደሉት አይባልም? ሕዝቡ ሁሉ ታስሮ አውጫጭኝ ይቀመጣል። እህሉ ማሳ ላይ ነበር። ፈራን። ቀበርነውና አፋችንን በመሐላ ዘጋን። ይኸው እህሉ ተበላ፤ መሐላው ግን ጉሮሯችን ውስጥ ቀረ። ጥሩምባው ሲነፋ፣ ‘በመጨረሻ መጡ’ አልን። የፈረንጁን ብርሃን አዳማ ገበያ የዋሉ ነግረውን ነበር፤ ይህ ብርሃን የፈረንጅ ሌባሻ ነው፤ ያደረገውን ሰው ሲያገኝ ይበራል አልን። ሌሊቱን ሙሉ ተመካክረን፣ ማንም ላይ ቢበራ እኔ እንድወጣ ተስማማን። እነሆ እኔው ላይ በራ።»

ፊታውራሪው ተቆጥተዋል። «ሬሳ መደበቅ መግደል ነው!» አሉ። «ወንዱን ሁሉ አስረህ ንዳ!» ብለው አሽከራቸውን አዘዙና ወደኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ባለ ደሙ አንተ ነህ። ‘ገድለዋል’ ካልክ ደምህን አስከፍልልሃለሁ። ‘አልገደሉም’ ካልክ አንተው ታውቃለህ። ነገር ግን ዛሬ፣ እዚሁ ተናገር።»

አያችሁ? ጠዋት ስለ አምፑል ልተረጉም መጥቼ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የአንድ አገር ሰው ነፍስ እጄ ላይ ወደቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ‘ገድለዋል’ ልል ነበር። ቃሉ ጥርሴ ጀርባ ነበር። አባቴን ያን ሁሉ ዘመን በከንቱ የጠላሁበትን ቁጭት የሚሸከምልኝ ሰው ፈልጌ ነበር።

«መቃብሩን አሳዩኝ» አልኩ።

ወሰዱኝ። ከወንዙ ትንሽ ራቅ ብሎ ጠጠርማ ከፍታ ነው። መስቀል የለ፣ ምልክት የለ፤ ጥቂት ድንጋይ ብቻ ተደርድሯል። አላመንኩም። ድንጋይ የትም አለ። ግን ዞር ስል የከብቱን መንገድ አየሁት። ከብቶቹ ከላይ ከግጦሹ ወደ ውሃው በቀጥታ ሲወርዱ ኖረው መሬቱ ተቦርቡሯል፤ ድንጋዮቹ ዘንድ ሲደርስ ግን መንገዱ ሰፊ ዙር ዞሮ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ከብት በራሱ እንዲህ አይዞርም። ውሃ ጠምቶት ወደ ወንዝ የሚሮጥን በሬ ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ፣ በዱላ እየመለሰ ያዞረው ሰው አለ። አባቴን ኮቴ እንዳይረግጠው።

ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። የመጀመሪያዬ ነው፤ ለአባቴ አንድም ቀን አልቅሼለት አላውቅም ነበር።

ስመለስ ፊታውራሪው «እሺ?» አሉኝ።

«የምጠይቀው ደም የለኝም» አልኩ።

ትኩር ብለው አዩኝ። ደስ አላላቸውም። «ባለ ደሙ ከማረ እኔ የማን ጠበቃ ነኝ» አሉና አሽከሮቹን ጠሩ። ዘቡ ተነሣ። ሕዝቡ ግን አልተነሣም። ከዚያ ከኋላ ያቺ ሕፃን ያቀፈችው ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፤ ከዚያ ወንዶቹ። ሙሴ ጉስታቭ ሽቦውን በእጁ እንደጠቀለለ ሾላው ሥር ቁጭ ብሎ አፈር አፈሩን ያያል። ታሪኩን ስነግረው ፊቱ ነጣ። «እኔ እኮ መብራት ላሳያቸው ብቻ ነበር» አለኝ። ደጋግሞ ይህንኑ አለ።

እናንተ ሕዝብ የምትሰበስቡ ሰዎች፣ ስለ ግድብም ይሁን ስለ መብራት፣ ስለ ጤናም ይሁን ስለ ግብር ልታስተምሩ አዳራሽ የምትሞሉ፣ አንዲት ነገር ልለምናችሁ። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ‘ለምን የተጠራችሁ መሰላችሁ?’ ብላችሁ ጠይቁ። ጸጥ ያለ ሕዝብ ሁሉ የሚያዳምጥ እንዳይመስላችሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ በሕዝብ ፊት ቆሜ አንድም ቀን ሳልጠይቅ አልጀመርኩም። ይህ አንዱ ነው የለወጠኝ። ሌላው፣ ያላየሁትን ሰው በወሬ መጥላት ተውኩ። ጅቡቲ አየሁት ያለውን ሰውዬ እንኳ አልጠላሁትም፤ የአባቴን አምሳያ አይቶ ይሆናል።

ያ መኪናም ያኔ አልተተከለም። ሙሴ አገሩ ገባ፤ ጣልያን መጣ፤ ብዙ ነገር ሆነ። ዛሬ ቆቃ ላይ ግድቡ ተሠርቶ መብራቱ ቤቴ ድረስ መጥቷል።

የእናቴን ነገር ወደ መጨረሻ ያቆየሁት እሱን ከነገርኳችሁ በኋላ ሌላ ማውራት ስለማልችል ነው።

በዚያው አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳማ ልሄድ ስነሣ አባ ገመዳ አንዲት አርጅታ ፀጉሯ የሸበተ በቅሎ አስመጡ። የአባቴ በቅሎ ናት። አልሸጧትም፤ አልጫኗትም። ጀርባዋ ላይ የኮርቻ ጠባሳ እንኳ ጠፍቶ ፀጉር ለብሷል። «የሰው አደራ ነች፤ እጅ በእጅ ካላስረከብኩ አልመለስም» አሉና፣ እንቢ ብልም ልጓሟን ይዘው አብረውኝ ተነሡ።

መንገድ ላይ አድረን በማግስቱ ጠዋት እናቴ ደጅ ላይ በርበሬ ስታሰጣ ደረስን። ቀና አለች። እኔን አላየችም፤ ሽማግሌውንም አላየችም። በቅሎዋን አየች። ሠፌዱ ከእጇ ወደቀ። መጥታ የበቅሎዋን ግንባር ዳሰሰች፤ ጆሮዋን ዳሰሰች። ነገሩን ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ። መሞቱን መናገር አላስፈለገኝም፤ በቅሎ ያለ ባለቤቷ በሰው እጅ ተስባ ስትመጣ ምን ማለት እንደሆነ የነጋዴ ሚስት ታውቃለች።

«እኚህ ናቸው ያገኙት?» አለች።

«አዎ። ወንዝ ነው የወሰደው፣ እማዬ። መልካው ላይ ሲሻገር።»

«ጠይቅልኝ» አለች። ድምፅዋ እንደ ብረት ነበር። «በቅሎዋ በየት ማዶ ተገኘች? ፊቷስ ወዴት ነበር?»

እኔ ይህን መጠየቅ አላሰብኩም። ሬሳውን፣ መቃብሩን፣ ደሙን ስጠይቅ ውዬ ያቺን አንዲት ነገር አልጠየቅሁም። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት የያዘችው ጥያቄ እሱ ብቻ ኖሯል፤ ሲሄድብኝ ነው ወይስ ሲመጣልኝ? ወደ ኦሮምኛ መለስኩት። አባ ገመዳ ጎንበስ ብለው አሰቡ። እንዳያጠፉ ፈርተው ቀስ ብለው ተናገሩ። እኔም ከሥር ከሥራቸው እየተከተልኩ ተረጎምኩ።

«ከአርሲ በኩል ጭራዋን ይዞ ገብቶ ነበር ይላሉ። እሷ ተሻግራ ወጣች፤ እሱን ውሃው አስለቀቀው። እኛ ስንደርስ በወዲህ ዳር ቆማ ነበር ይላሉ። ፊቷን ወደ አዳማ አዙራ። ልንይዛት ስንል እንቢ ብላ ወደዚህ ትጎትተን ነበር ይላሉ።»

እናቴ እልል አለች።

እውነቴን ነው። ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ እንደ ሙሽራ እናት፣ በረጅሙ እልል አለች። «ወልዴ ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር! ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር!» ጎረቤት ሁሉ ምን ደስታ ተገኘ ብሎ እየሳቀ ሮጦ ደረሰ። ሲደርሱ ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ እያሸረጠች፣ ደረቷን እየመታች፣ የባሏን ሙሾ ጀምራለች። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ እልል ይበሉ ወይስ ያልቅሱ የሚያውቅ ጠፋ።